የቃለ መጠይቁ ክፍል፦ ሴት ስደተኞች በጥገኝነት ሥርዓት ያለፉበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1951 የ26 አገሮች መልእክተኞች ጄኔቫ ተሰብስበው የስደተኞችን ስምምነት አንቀጽ በአንቀጽ ይወያዩ ነበር። በስደተኛ ላይ አድልዎ እንዳይደረግ በሚከለክለው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ የዩጎዝላቪያው ልዑክ ከዘር፣ ከሃይማኖትና ከመጣበት አገር ጎን «ጾታ» የሚል ቃል ይጨመር አለ። ሐሳቡ ብዙም አልዘለቀም። የእንግሊዙ ተወካይ የወንድና የሴት እኩልነት እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ የሚጨርሰው ነገር ነው ሲል ተከራከረ። በዚያው ዓመት ሥራውን የጀመረው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጌሪት ያን ቫን ሁቨን ጉድሃርትም በጾታዋ ምክንያት የምትሳደድ ሰው መኖሯን በጣም እንደሚጠራጠር ተናገረ። ቃሉ ሳይገባ ቀረ፤ ስብሰባውም ወደሚቀጥለው አንቀጽ አለፈ።

ኮሚሽነሩን ክፉ ሰው ነበር ማለት አይቻልም። ሆላንዳዊ ጋዜጠኛ ነው። አገሩ በናዚዎች እጅ ሳለች በኅቡዕ የሚታተም ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር፤ በ1944 ራሱም ሸሽቶ ለንደን ገብቷል። ስደትን በወሬ ያወቀ ሰው አልነበረም። ሆኖም ለእሱም ሆነ አብረውት ለተቀመጡት ዲፕሎማቶች ስደተኛ ሲባል ፊታቸው የሚደቀነው እነሱኑ የሚመስል ሰው ነው፦ ጽፎ የታሰረ፣ በፓርቲ አባልነቱ የሚፈለግ፣ በዘሩ ቤት ንብረቱን የተነጠቀ ወንድ። ባሏ የሚደበድባት፣ ጎረቤት እያየ ዝም የሚላት፣ ፖሊስ «የቤታችሁ ጉዳይ ነው» ብሎ የሚመልሳት ሴት በዚያ አዳራሽ አልታሰበችም። ስምምነቱ ሲጸድቅ ስደተኛ የሚያሰኙት ምክንያቶች አምስት ሆኑ፦ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የአንድ የተለየ ማኅበራዊ ቡድን አባልነት እና የፖለቲካ አመለካከት። አራተኛዋን ሐረግ የስዊድኑ ልዑክ በስብሰባው መገባደጃ አስገባት፤ ይህ ነው የሚባል ክርክር እንኳ አልተደረገባትም። ከዚያ ወዲህ የሴቶች አቤቱታ በአብዛኛው ወደ ሕጉ የገባው በዚህች ሐረግ በኩል ነው።

በመስከረም 1969 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የራሱን የስደተኞች ስምምነት ሲያጸድቅ ከጄኔቫው የሰፋ ትርጉም ሰጠ። ከወረራ፣ ከባዕድ አገዛዝና የሕዝብን ጸጥታ ክፉኛ ከሚያናጋ ሁከት የሸሸውም ስደተኛ ተባለ። ለአህጉራችን ትልቅ እርምጃ ነበር፤ በጦርነት ለተፈናቀሉ ብዙ እናቶችም መጠለያ ሆኗል። የሴትን ልጅ የተለየ አበሳ ግን ያም ስምምነት በስሙ አልጠራውም።

ነገሩን መጀመሪያ ያንቀሳቀሱት ከባሕር የመጡ ወሬዎች ናቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከቬትናም በጀልባ የሸሹ ሴቶች በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ በወንበዴዎች ይጠለፉና ይደፈሩ ነበር፤ ይህንንም ዓለም በጋዜጣ አነበበው። ከ1979ኙ የኢራን አብዮት በኋላ ደግሞ በአለባበሳቸውና በአኗኗራቸው ምክንያት የሚቀጡ ሴቶች አውሮፓ ገቡ። የአውሮፓ ፓርላማ በ1984፣ የስደተኞች ኮሚሽኑ አስፈጻሚ ኮሚቴ ደግሞ በ1985 የማኅበረሰባቸውን ወግ ጥሰዋል ተብለው ግፍ የሚደርስባቸው ሴቶች እንደ አንድ «የተለየ ማኅበራዊ ቡድን» ሊታዩ እንደሚችሉ ተቀበሉ። ኮሚቴው ግን ይህን ማድረግ የየአገሩ ፈቃድ ነው ብሎ ነው የተወው። የሴቶች ጉዳይ ግዴታ ሳይሆን ፈቃድ ሆኖ መጀመሩን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ መዘዙ እስከ ዛሬ ድረስ አልለቀቀንም።

ፈቃዱን ወደ ሥራ የለወጠችው የመጀመሪያዋ አገር ካናዳ ናት። የጥገኝነት ጉዳይ የሚሰማው የካናዳ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ቦርድ በ1989 ሥራ የጀመረ ገና ወጣት ተቋም ነበር። በ1991 «ናዳ» በሚል የተደበቀ ስም የምትታወቅ አንዲት የሳዑዲ ዐረቢያ ሴት ካናዳ ገብታ ጥገኝነት ጠየቀች። ያለ ፊት መሸፈኛ በመውጣቷ በጎዳና እንደምትሰደብ፣ ድንጋይም እንደሚወረወርባት፣ የፈለገችውን መማርም ሆነ ብቻዋን መጓዝ እንደማትችል አስረዳች። የቦርዱ አባላት የአገሯን ሕግ ብታከብርና ለአባቷ ስሜት ብታስብ እንደሚሻላት ጽፈው አሰናበቷት። በአንዲት ጎልማሳ ሴት ላይ እንዲህ ተብሎ በመንግሥት ወረቀት መጻፉ ካናዳውያን ሴቶችን አስቆጣ። የሴቶች ማኅበራት፣ ጠበቆች፣ የሰብአዊ መብት ተቋማት ተነሡ። ሚኒስትሩ በርናርድ ቫልኮርት መጀመሪያ ካናዳ የራሷን እሴት በሌሎች ላይ መጫን የለባትም ብለው ተከላክለው ነበር። በጥር 1993 ግን ሴቲቱ እንድትኖር ፈቀዱ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነው ታሪኩን የቀየረው። የቦርዱ ሊቀ መንበር ኑርጄሃን ማዋኒ፣ ኬንያ የተወለዱ ሴት፣ በመጋቢት 9 ቀን 1993 በዓለም የመጀመሪያውን የሴት ጥገኝነት ጠያቂዎች መመሪያ አወጡ። መመሪያው አዲስ ሕግ አልፈጠረም። ያደረገው አባላቱ ያንኑ የ1951 ሕግ በሴት ዓይን እንዲያነቡት ማሳየት ነው። የሚያሳድዳት ባሏ ወይም ወንድሟ ቢሆንም መንግሥት ሊጠብቃት ካልቻለ ወይም ካልፈለገ ጉዳዩ የቤት ጉዳይ ሆኖ አይቀርም አለ። ድንግልናና የትዳር ክብር እንደ ቤተሰብ ክብር ከሚታይበት አገር የመጣች ሴት መደፈሯን ቶሎ ላትናገር እንደምትችል አሳሰበ። እንዲህ ያለችው ሴት ከችሎቱ ውጭ በጽሑፍ ወይም በቪዲዮ ቃሏን እንድትሰጥ በር ከፈተ። በቀጣዩ ዓመት ቦርዱ ልጇን ከግርዛት ለማዳን የሸሸች ሶማሊያዊት እናትን ተቀበለ።

መመሪያው አስገዳጅ አይደለም። ያልተከተለው አባል ግን ለምን እንዳልተከተለ ምክንያቱን መጻፍ ይጠበቅበታል። ይህች ትንሽ ግዴታ ከብዙ ንግግር በላይ ሠርታለች ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱን መጻፍ ያለበት ሹም፣ ቢያንስ ጥያቄውን ራሱን ይጠይቃል።

አሜሪካ በ1995 ተመሳሳይ መመሪያ ለጥገኝነት መኮንኖቿ አወጣች። ነገሩን ለሕዝብ ዓይን ያበቃው ግን የአንዲት ቶጎላዊት ልጃገረድ ጉዳይ ነው። ፋውዚያ ካሲንጃ በታኅሣሥ 1994 ኒውጀርሲ ኒዋርክ አየር ማረፊያ ስትደርስ ዕድሜዋ 17 ነበር። ከግርዛትና ካልፈቀደችው ጋብቻ ነው የሸሸችው። ወደ እስር ተወሰደች፤ ከአንድ ዓመት በላይ ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው ስትዘዋወር ቆየች። የመጀመሪያው ዳኛ ታሪኳን አላመነም። ጠበቃዋ ካረን ሙሳሎ ይግባኙን ይዘው የስደት ይግባኝ ቦርድ ፊት ቀረቡ፤ ቦርዱም በሰኔ 1996 ከግርዛት መሸሽ ለጥገኝነት እንደሚያበቃ ወሰነ። ይህ ውሳኔ ሌሎችን ሁሉ የሚያስር ነበርና ከምዕራብ አፍሪካ እስከ አፍሪካ ቀንድ የመጡ ሴቶች ጠበቆች የሚጠቅሱት መዝገብ ሆነ።

ከጠቀሱትና ከተጠቀሙት መካከል ኢትዮጵያውያንም አሉ። በ2004 የአሜሪካ ስድስተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት የአንዲት ኢትዮጵያዊት እናትና የትንሽ ልጇን ጉዳይ አይቶ ለሁለቱም ፈረደላቸው። ለልጅቱ ብቻ ሳይሆን፣ ልጇ ስትገረዝ ማየት ለሚጠብቃት እናትም ራሱን የቻለ መከራ ነው አለ ፍርድ ቤቱ። በእኔ እምነት በዘርፉ ከተጻፉት ሁሉ ሰው ሰው ከሚሸቱ ጥቂት ፍርዶች አንዱ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የይግባኙ ቦርድ በሌላ መዝገብ የወላጅ ፍርሃት ብቻውን አይበቃም ብሎ አጠበበው።

በእንዲህ ያሉ መዝገቦች ላይ ዘወትር የሚነሣ አንድ መከራከሪያ አለ፤ እኛም ልናውቀው ይገባል። «በአገርሽ ግርዛትም ጠለፋም በሕግ ተከልክሏል፤ ታዲያ ምን ያስፈራሻል?» ይባላል። እውነት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ግርዛትን ይቀጣል፤ ጠላፊው ካገባት ከቅጣት ያመልጥበት የነበረውን የድሮ ሕግ ቀዳዳም ዘግቷል። ለዚህ የታገሉት የአገራችን ሴት የሕግ ባለሙያዎች ክብር ይገባቸዋል። ግን ሕጉ አዲስ አበባ መታወጁና የወረዳው ፖሊስ ሌሊት በር ላይ መድረሱ የተለያየ ነገር ነው። ይህን ልዩነት ለውሳኔ ሰጪው የሚያስረዳ ማስረጃ ማምጣት ብዙ ጊዜ በሴቲቱ ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

የእንግሊዝ ታሪክ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ጉዳዩን የሚይዘውን መሥሪያ ቤት፣ የሆም ኦፊስን፣ ውስጥ ያሳየናል። እዚያ መንገዱን የጠረጉት ሴት ጠበቆች ናቸው። በ1998 የስደተኛ ሴቶች የሕግ ቡድን የሚባል ስብስብ የራሱን መመሪያ አሳተመ። በውስጡ አንዲት አጭር ቀመር ነበረች፦ ማሳደድ ማለት ከባድ ጉዳት ሲደመር የመንግሥት ጥበቃ ማጣት ነው። በመጋቢት 1999 የሎርዶች ምክር ቤት በዝሙት የተወነጀሉ የሁለት ፓኪስታናውያን ሴቶችን ጉዳይ ሲወስን ሎርድ ሆፍማን ይህችኑ ቀመር ጠቀሱ። የሚደበድበው ባል ነው፤ የማይጠብቃት መንግሥት ነው፤ የማይጠብቃትም ሴት በመሆኗ ነው፤ ሦስቱ ሲገጣጠሙ ስደተኛ ትሆናለች ተባለ። መሥሪያ ቤቱ ያላሰበውን ሐሳብ የጠበቆች ማኅበር አስቦ፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ዳኞች ሕግ አደረጉት።

በጥቅምት 2006 ደግሞ ያው ምክር ቤት በ15 ዓመቷ ከሴራሊዮን የመጣችን ልጅ ጉዳይ አየ፤ እሷም ከግርዛት የሸሸች ናት። በታችኛው ፍርድ ቤት ተረትታ ነበር። ከዳኞቹ መካከል ብቸኛዋ ሴት ባሮነስ ሄል የጉዳዩ መልስ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ ለምን እዚህ ድረስ መምጣት እንዳስፈለገው የሚገርመው ሰው ይኖራል ሲሉ ጻፉ።

ይህ ሁሉ የችሎት ታሪክ ነው። የብዙዋ ሴት ዕጣ ግን የሚወሰነው ችሎት ሳይደርስ በፊት ነው። ለንደን የኖረ ሐበሻ ሁሉ ክሮይደንን ያውቃል፤ ሉናር ሐውስ የሚባለው ረጅም ሕንፃ ስንቱ የተሰለፈበት ነው። ለብዙ ዓመታት የመጀመሪያው ምዝገባ የሚካሄደው በመስታወት መስኮት በኩል ሲሆን ከኋላ የቆመው ሰው ሁሉ ይሰማ ነበር። «ለምን መጣሽ?» ተብላ በዚያ መስኮት የተጠየቀች ሴት መደፈሯን ጮክ ብላ ትናገራለች ብሎ ማን ይጠብቃል? አትናገርም። ወራት ቆይቶ በዋናው ቃለ መጠይቅ ላይ ስትናገር ደግሞ «መጀመሪያ ለምን አላልሽም?» ይባላል፤ መዘግየቷም እንደ ውሸት ይቆጠርባታል።

ከባሏ ጋር የመጣችው ደግሞ ጨርሶ አትጠየቅም ነበር። ኬዙ የእሱ ነው፤ እሷ «ጥገኛ» ተብላ ከሥሩ ትጻፋለች። የታሰረችው፣ የተደበደበችው፣ ምናልባትም የሚደበድባት ራሱ ባሏ መሆኑ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። የእሱ ኬዝ ሲዘጋ የእሷም ይዘጋል። ሴቲቱ በራሷ ስም የማመልከት መብት እንዳላት፣ ይህም ባሏ በሌለበት እንዲነገራት የሚለው መመሪያ የመጣው ማኅበራቱ ዓመታት ከጎተጎቱ በኋላ ነው።

ወደ ዋናው ክፍል እንግባ። ጠባብ ክፍል ነው፤ ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተርና ሦስት ወንበሮች። ጠያቂው የተነገረውን ሁሉ ይጽፋል። ጥያቄዎቹ በመቶ ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ ብዙዎቹም በቀንና በሰዓት የተጠመዱ ናቸው። የኛ ሴት «ለጥምቀት ሰሞን»፣ «ፍልሰታ ሊያዝ ሲል» ብላ ነው የምታስታውሰው። «ጥር 2006» ብትልና አስተርጓሚው ወደ አውሮፓ ሳይመልሰው በዚያው ቢያልፈው፣ ታሪኳ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መጡብኝ» ብትል፣ በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ በምሽቱ ስምንት ሰዓት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በኋላ ስታስተካክለው ቃሏን ቀየረች ይባላል። የእምቢታው ደብዳቤ ላይ በተራ ቁጥር የሚደረደሩት «ተቃርኖዎች» ከእንዲህ ያለው የተነሡ ጥቂት አይደሉም።

ሳይንሱም ከሴቶቹ ጎን ቆሟል። በ2002 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት የኮሶቮና የቦስኒያ ስደተኞችን ሁለት ጊዜ ስለ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ለመዋሸት ምንም ምክንያት የሌላቸው ሰዎች ታሪካቸው በመሐል ተለያይቶ ተገኘ። በተለይ ሥነ ልቦናቸው በደረሰባቸው ነገር የተጎዳባቸው፣ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከልም ረጅም ጊዜ ያለፈባቸው ይበልጥ ተለያየባቸው። በ2007 የታተመ ሌላ ጥናት በእንግሊዝ ሆም ኦፊስ ቃለ መጠይቅ ያለፉ 27 ሰዎችን አነጋግሮ ፆታዊ ጥቃት የደረሰባቸው ከሌሎቹ ይልቅ ለመናገር እንደሚቸገሩ፣ ኀፍረትም አፋቸውን እንደሚይዘው አሳየ። ለዚህ የተሻለው መድኃኒት ቀላል ነው፦ ሴት ጠያቂ፣ ሴት አስተርጓሚ፣ ጊዜ፣ ልጇን የሚይዝላት ሰው። ሕፃን እቅፍ አድርጋ፣ ሕፃኑ እየሰማ፣ እንዴት እንደተደፈረች የምትናገር እናት የለችም።

ስለ አስተርጓሚው ሳነሣ ልቤ የሚከብደኝ ከዚህ ነው። ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው። በለንደን፣ በሚኒያፖሊስ፣ በስቶክሆልም አማርኛ የሚያስተረጉመው ሰው በእሑድ ቅዳሴ ላይ ሊገኝ፣ የእድሯ አባል ሊሆን፣ የባሏን ዘመድ ሊያውቅ ይችላል። ሴቲቱም ይህን ታውቃለች። አሜሪካ ውስጥ ይብሳል፤ በጥገኝነት ቢሮው ቃለ መጠይቅ ላይ አስተርጓሚ ይዛ የምትመጣው ራሷ አመልካቿ ናት፤ ቢሮው ራሱ በስልክ አስተርጓሚ ያቀርብ የነበረው በኮቪድ ዘመን ብቻ ነው። ገንዘብ ከሌላት የምትለምነው ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ ነው። የምትናገረው ነገር ከዚያ ክፍል ወጥቶ አገር ቤት እናቷ ጆሮ እንዳይደርስ የምትፈራ ሴት፣ ኬዟን የሚያድንላትን ታሪክ በራሷ እጅ ቆርጣ ትጥለዋለች። ሹሙ ይህን ሊያውቅ አይችልም። እኛ ግን እናውቃለን።

የመንገዱም ታሪክ አለ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በሱዳንና በሊቢያ የሚያልፉ ሴቶች በደላሎችና በአጋቾች እጅ የሚደርስባቸው በብዙ ዘገባዎች ተመዝግቧል፤ አንዳንዶች ሰሐራን ከመሻገራቸው በፊት ካርቱም ላይ የእርግዝና መከላከያ መርፌ ተወግተው እንደሚነሡም እንዲሁ። ሊመጣባቸው ያለውን እያወቁ ነው። አውሮፓ ሲደርሱ ግን ሕጉ የሚጠይቃቸው አገር ቤት ስለሆነው ነው። ሊቢያ ላይ የሆነው ከጥያቄው ውጭ ይቀራል፤ የሚያስታውሱትን ሁሉ የሸፈነው እሱ ሆኖ ሳለ።

እስሩን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በቤድፎርድሺር የሚገኘው ያርልስ ዉድ በኅዳር 2001 ተከፍቶ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የእንግሊዝ ዋናው የሴት ስደተኞች ማቆያ ሆነ። ከ2005 ጀምሮ የሴቶች ጉዳይ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጣደፍበት «ፈጣን መስመር» የሚባል አሠራር እዚያ ይሠራ ነበር። መናገር ጊዜ ለሚፈልግባት ሴት ከዚህ የከፋ አሠራር ማሰብ ይከብዳል። ፍርድ ቤቶች ሕገ ወጥ ብለውት በሐምሌ 2015 ቆመ። በዚያው ዓመት የእስር ቤቶች ዋና ተቆጣጣሪ ኒክ ሃርድዊክ ማቆያውን አገርን ሊያሳስብ የሚገባ ቦታ ሲሉ ገለጹት። በሪፖርታቸው ካሉት ቁጥሮች አንዱ እንዲህ ይላል፦ በ2014 ታስረው ከነበሩት 99 ነፍሰ ጡሮች ከአገር የተባረሩት 9 ብቻ ናቸው። የቀሩት 90ዎቹ ለምን ታሰሩ? በውጭ ዊመን ፎር ሪፊዩጂ ዊመን የተባለው ማኅበር፣ በውስጥም እስረኞቹ ራሳቸው ጮኹ። የ2016ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የነፍሰ ጡሮችን እስር በ72 ሰዓት ገደበው፤ በሚኒስትር ፈቃድ እስከ አንድ ሳምንት ብቻ። ጨርሶ ይከልከል የሚለው የገለልተኛው አጥኚ የስቲቨን ሾው ምክር ሳይፈጸም ቀረ።

እንግዲህ ከላይ ልብ ይበልልኝ ወዳልኩት ልመለስ። ሴቶች በጥገኝነት ሥርዓት ያገኙት አብዛኛው ነገር መመሪያ እንጂ ሕግ አይደለም። የእንግሊዝ የስደት ይግባኝ ሰሚ በኅዳር 2000 ለዳኞቹ ጥሩ የሥርዓተ ጾታ መመሪያ አውጥቶ ነበር። በ2005 ተቋሙ ፈርሶ በሌላ ሲተካ አዲሱ ፍርድ ቤት መመሪያውን አልወረሰውም። ማኅበራት በ2008 ጥገኝነት የሚጠይቁ ሴቶች መብቶች ቻርተር አውጥተው ከ300 በላይ ድርጅቶች ፈረሙበት፤ ያም ቢሆን መሥሪያ ቤቱን የሚያስር አልነበረም። በ2022 ደግሞ ፓርላማው በአዲስ ሕግ «የተለየ ማኅበራዊ ቡድን» የሚለውን ትርጉም አጠበበ፤ ሎርዶቹ በሴራሊዮናዊቷ ልጅ ጉዳይ ቡድን ለመባል ከሚታዩት ሁለት መስፈርቶች አንዱ ይበቃል ያሉትን፣ ሁለቱም ይሟሉ ብሎ አከበደው።

አሜሪካ ውስጥ የታየው ከዚህም የከፋ ነው። ሮዲ አልቫራዶ የተባለችው ጓቴማላዊት ከወታደር ባሏ ሸሽታ በ1995 ገባች። ዳኛ ፈቀደላት፤ በ1999 የይግባኝ ቦርዱ ነጠቃት፤ በ2001 ዋና ዐቃቤ ሕጓ ውሳኔውን ሻሩ፤ በመጨረሻ ጥገኝነቱን ያገኘችው በታኅሣሥ 2009 ነው። አሥራ አራት ዓመት። በ2014 ቦርዱ የቤት ውስጥ ጥቃት ለጥገኝነት ሊያበቃ እንደሚችል በግልጽ ወሰነ። በ2018 ዋና ዐቃቤ ሕጉ ጄፍ ሴሽንስ ሻሩት፤ በ2021 ሜሪክ ጋርላንድ የሴሽንስን ሻሩ፤ በ2025 ደግሞ የሴሽንስ አቋም ተመልሶ መጣ። የሴቶቹ ቁስል ያው ነው፤ የተቀየረው ፈራሚው ነው።

የተሻለ ዜና የመጣው ከሉክሰምበርግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጥር 2024 የአንድ አገር ሴቶች በሙሉ እንደ አንድ ማኅበራዊ ቡድን ሊታዩ ይችላሉ አለ፤ ጉዳዩ ከቤተሰቧ ግድያን የምትፈራ የቱርክ ኩርድ ሴት በቡልጋሪያ ያቀረበችው ነበር። በጥቅምት 2024 ደግሞ በታሊባን አገዛዝ ሥር ያለች አፍጋናዊት ሴትነቷንና ዜግነቷን ማሳየት እንደሚበቃት ወሰነ። ይህ መመሪያ አይደለም፤ አባል አገሮችን የሚያስር ፍርድ ነው። በጄኔቫው አዳራሽ የተጣለው ቃል ከ73 ዓመት በኋላ በዚህ መልክ ተመለሰ።

ይህ ሁሉ ማመልከቻ የሚቀበል የመንግሥት ቢሮ ባለበት አገር ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ኩዌት፣ ኤሚሬትስ፣ ቀጠር፣ ባሕሬንና ዖማን የ1951ን ስምምነት አልፈረሙም። ሊባኖስም እንዲሁ። በአሠሪዋ ቤት የተደፈረች የኛ እህት ሪያድ ወይም ቤሩት ላይ የምታንኳኳው የመንግሥት የጥገኝነት በር የለም፤ ከቤቱ መጥፋቷ ራሱ ጥፋት ይሆንባታል። እኛም ራሳችን አስተናጋጅ አገር ነን። በእኛ አቆጣጠር የ2011 ዓ.ም. የስደተኞች አዋጃችን ለስደተኞች ሰፊ መብት የሰጠ ነው፤ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ እናቶች በካምፖቻችን አሉ። በጠባቡ ክፍል ፊት ለፊት የምትቀመጠው ጠያቂ በእኛም አገር ሴት ትሁን፣ አስተርጓሚዋም የታመነች ትሁን ብለን የመጠየቅ ግዴታ አለብን።

ይህን የምታነቡ፣ ዘመድ ወይም ጓደኛ ጥገኝነት ልትጠይቅ ከሆነ እነዚህን ንገሯት። ሴት ጠያቂና ሴት አስተርጓሚ ከቀኑ በፊት በጽሑፍ ትጠይቅ፤ አትፈር። ባለትዳር ብትሆንም በራሷ ስም ማመልከት እንደምትችል ትወቅ። አሜሪካ ከሆነች ማመልከቻው ከገባችበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት፤ የሚፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም በእነሱ ተስፋ እንዳትዘገይ። ቀኖቿን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋ ትያዝ። የቃለ መጠይቁ ጽሑፍ ሲደርሳት ከጠበቃዋ ጋር ታንብበው፤ ስሕተት ካለ በዚያው ሳምንት ይታረም። አማርኛ የምታስተረጉሙ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚያ ክፍል የሰማችሁትን ለባለቤታችሁም ለንስሐ አባታችሁም ቢሆን በስም አታንሡ፤ ሴቲቱን በሩቅም ቢሆን የምታውቋት ከሆነ ደግሞ ሥራውን ለሌላ ተዉ።